ሪዝ የቤት ጉዳይ ነው

እናቶቼና እኅቶቼ፣ በዚህ አምድ ስለ ሕፃናት ክትባት፣ ስለ ጓዳ አያያዝ፣ ደመወዝን አብቃቅቶ ስለ መኖር ብዙ ተጨዋውተናል። ዛሬ ደግሞ ስለ ወንዶች ሪዝ ልጽፍ መነሣቴን ስታዩ «ይህቺ ሴት ወሬ አለቀባት እንዴ?» ሳትሉ አትቀሩም። እኔም ካለፈው ጥቅምት በፊት ቢሆን ኖሮ እንደ እናንተው በሳቅሁ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ሳቁ ጠፍቶብኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትውልዴ ጋይንት፣ ነፋስ መውጫ ሲሆን ዘመዶቼ በሦስት ወረዳ ተበትነው ይኖራሉ፤ የእናቴ ወገኖች እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ አካባቢ ናቸው፤ አያ የምለው ታላቅ ወንድሜ ደግሞ ስማዳ፣ ወገዳ ላይ ትዳር ይዟል። የእርሱ ልጅ ለትምህርት ወደ አዲስ አበባ መጥቶ እኔ ዘንድ ማደር ከጀመረ አራት ዓመት ሆነው። ዝምተኛ ነው፤ ቢርበው እንኳ «እንጀራ ስጪኝ» ለማለት የሚያፍር ልጅ ነው። አሁን አሥራ አምስት ዓመት ሞልቶታል።

አንድ እሑድ ጎረቤቶቼ ቡና ሊጠጡ ተሰብስበው ሳለ ልጁ ፈንድሻ ይዞ ገባ። አንደኛዋ ሴት አገጩን ያዝ አድርጋ ወደ ብርሃን አዞረችውና «አንተ! የድስት ጥላሸት ነካህ እንዴ? አፍህን አትጠርግም?» አለችው። ቤቱ በሳቅ ሞላ። እኔም ሳቅሁ። እንዲያውም ከሁሉም አብልጬ የሳቅሁት እኔ ሳልሆን አልቀርም። ልጁ ፈንድሻውን አስቀምጦ ወጣ።

በማግሥቱ የአፍና የአፍንጫ ጭምብል አድርጎ አየሁት፤ «ጉንፋን ይዞኛል» አለኝ። ሁለት ቀን ዝም አልሁ። በሦስተኛው ቀን እራት ሲቀርብ አብሮን አልቀመጥም ሲል ጭምብሉን በግድ አወረድሁት። የላይኛው ከንፈሩ አብጧል፤ ምላጭ የሄደበት ሁለት ቦታ ላይ መግል ቋጥሯል። ቀስ ብዬ ስጠይቀው ነገሩ ወጣ። ከትምህርት ቤቱ አጥር ጀርባ አራት ልጆች ሆነው፣ አንደኛው እርሳስ መያዣው ውስጥ ደብቆ ባመጣው በአንድ ምላጭ፣ ያለ ውሃና ያለ ሳሙና ተራ በተራ ተላጭተዋል። የእኔ ልጅ ተራው ሦስተኛ ነበር።

ወደ ጤና ጣቢያ ይዤው ሄድሁ። እኔ የጨነቀኝ እብጠቱ ነበር፤ እርግጥ እርሱም ቀላል አይደለም። ከአፍንጫና ከላይኛው ከንፈር አካባቢ የሚነሡ የደም ሥሮች ወደ ጭንቅላት ውስጥ ከሚገቡት ጋር ስለሚገናኙ፣ እዚያ ቦታ ላይ የወጣን ብጉንጅ በጥፍር ማፍረጥ ክፉ መዘዝ ሊያመጣ ይችላል። ነርሷ ግን እብጠቱን አይታ ከጨረሰች በኋላ «ምላጩ ከእርሱ በፊት ለስንት ሰው አገልግሏል?» ብላ ጠየቀችኝ። ይህን ጊዜ ነው ጉልበቴ የከዳኝ።

በእርግጥ ብዙዎቻችን ምላጭ ሲባል የምናስበው ኤች አይ ቪን ብቻ ነው። ነገር ግን ከሰውነት ውጭ በቀላሉ የማይሞተው ሌላው ነው፤ ይኸውም ጉበትን የሚያጠቃው የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ነው። በደረቀ ደም ላይ እንኳ ቢያንስ ሰባት ቀን በሕይወት ሊቆይ ይችላል። በዓይን የማይታይ የደም ቅንጣት ለመተላለፍ ይበቃዋል። በሀገራችን ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ሕፃናት በሚወስዱት ባለ አምስት ክትባት ውስጥ የዚህ በሽታ መከላከያ ስለተጨመረ፣ ከዚያ ወዲህ የተወለደ ልጅ ክትባቱን በሙሉ ከወሰደ ተስፋ አለው። የእኛ ልጅ ካርድ ግን ወገዳ ይቅር፣ መንገድ ላይ ይጥፋ፣ ማንም አላወቀም። ስለዚህ ክትባቱ እንደገና ተጀመረለት፤ ደሙ ተመረመረ፤ በሦስተኛው ወርና በስድስተኛው ወር ተመልሶ እንዲመረመር ቀጠሮ ተያዘለት። የሌሎቹን ልጆች ወላጆችም አንድ በአንድ እየፈለግሁ ነገርኋቸው። ከሦስቱ አንዲቷ እናት ብቻ ናት ያመሰገነችኝ፤ ሁለቱ ልጃቸውን የሰደብሁባቸው መሰላቸው።

እዚህ ላይ ለእናንተም እንዲጠቅም ስለ ራሱ ስለ ጠጉሩ ጥቂት ልበል። የወንድ ልጅ ሪዝ ብዙውን ጊዜ ከአሥራ ሦስት እስከ አሥራ ስድስት ዓመቱ ባለው ጊዜ ይታያል፤ የሚዘገይበትም አለና ያላወጣውን ልጅ ማሳቀቅ አይገባም። በመጀመሪያ የሚበቅለው በከንፈር ማዕዘኖች በኩል ሲሆን፣ ቆይቶ ወደ መካከል ይገጥማል፤ ጉንጭና አገጭ ከዚያ በኋላ ይከተላሉ። ስለዚህ የመጀመሪያው ሪዝ ሳሳ ያለና መካከሉ የተከፈተ ቢሆን ጉድለት አይደለም፤ ገና መንገድ ላይ ነው ማለት ነው። በወር አንድ ሳንቲ ሜትር ገደማ ያድጋል።

ልጆቹ የተላጩት «ቶሎ ቶሎ ሲላጩት ይጠቁራል፣ ይወፍራል» ተብሎ ስለተነገራቸው ጭምር ነው። ይህ እኛም ቤት የሚባል ነገር ነው። ሚልድረድ ትሮተር የተባለች አሜሪካዊት የአካል አወቃቀር ተመራማሪ በ1928 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ጥናት፣ የተላጨ ጢም በውፍረትም ሆነ በእድገት ፍጥነት እንደማይለወጥ አሳይታለች። ሲነካ የሚሻክረው፣ ሹል የነበረው የጠጉሩ ጫፍ በምላጭ ስለሚደመደም ብቻ ነው። ሰው ከተረዳ መቶ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ነገር ከትምህርት ቤቱ አጥር ጀርባ አለመድረሱ ይገርማል።

ሌላም አለ። እንደ እኛ ጠጉሩ የሚጠቀለል ሰው በጣም ከሥሩ ሲላጭ የተቆረጠው ጫፍ ተጠቅልሎ ተመልሶ ቆዳው ውስጥ ይገባል። አገጭና አንገት ላይ የሚወጣው፣ በተለምዶ «ፀጉር ቤቱ በሽታ አስያዘኝ» የሚባልለት እብጠት ብዙ ጊዜ የራሱ የሰውዬው ጠጉር ሥራ ነው። መላጨት የፈለገ በሙቅ ውሃ ጢሙን አለስልሶ፣ ሳሙና አድርጎ፣ ጠጉሩ በሚተኛበት አቅጣጫ፣ ቆዳውን ሳይወጥር ይላጭ። ቶሎ የሚያብጥበት ሰው ደግሞ ከነጭራሹ ምላጭ ባያስነካው ይሻላል፤ በማሽን ትንሽ አስቀርቶ ማሳጠር ይበቃዋል።

ልጁ ሲታመም ደጋግሞ ትዝ ያለኝ በጥር ወር 2010 ዓ.ም. ነፋስ መውጫ የተጠራሁበት የዘመድ ሠርግ ነው። ነፋስ መውጫን የሚያውቅ ስሟ በከንቱ እንዳልወጣላት ያውቃል፤ ጠዋት ጋቢ ሳይደርቡ ደጅ መውጣት የለም። ከሠርጉ ዋዜማ ጀምሮ ጓሮ ውስጥ በርጩማ ላይ አንድ መስተዋት ተደግፎ፣ ወንዶቹ ሪዛቸውን ሲያስተካክሉ እኛ ሴቶቹ ከማጀት ሆነን በቀዳዳ እናይ ነበር። ሙሽራው በከንፈሩ ላይ እንደ ክር የቀጠነች ሪዝ አስቀርቷል፤ ይህ ፎቶግራፍ ላይ ያምራል፣ ነገር ግን በየሁለት ቀኑ መስተዋት ፊት የሚያስቆም ነው። የመጀመሪያው ሚዜ የላይኛውን ከንፈር የሚሸፍን ጥቅጥቅ ያለ ሪዝ ነበረው፤ ጠላ ሲጠጣ አረፋው ሁሉ እዚያው ይቀራል። ከወገዳ የመጣው አያ ጫፉን በሁለት ጣቱ ወደ ላይ አጠምዝዞ እንደ ብስክሌት እጀታ አቁሞታል። ከአዲስ አበባ የሄዱት ጎረምሶች ደግሞ ሪዛቸውን ከአገጭ ጺማቸው ጋር አፋቸውን ዙሪያውን አጋጥመውታል። ለፊተ ሰፊ ሰው ጥቅጥቅ ያለው፣ ለቀጭን ፊት ደግሞ አጠር ያለው ሳይሻል አይቀርም፤ እኔ ግን በበኩሌ ከሁሉም የአያን ወደድሁ።

በዚያ ሠርግ ላይ ከእስቴ የመጣ አንድ አጎቴ ጺሙና ሪዙ ተደበላልቆ አፉ አይታይም ነበር። እኔ የከተማ ሰው ነኝ ብዬ «እንዴ አጎቴ! ለሠርግ እንኳ አይላጩም?» አልሁት። ቀና ብሎ አየኝና «ልጄ፣ ሙት ዓመቷ ሳይወጣ ምላጭ አላስነካም» አለኝ። ሚስቱ መሞቷን አውቅ ነበር፤ ማወቄ ግን ምን ጠቀመ? በአገራችን ባህል ባሏ የሞተባት ሴት ጠጉሯን ትላጫለች፤ ሚስቱ የሞተችበት ወንድ ደግሞ ጺሙን ያሳድጋል። እኔ ይህን ሁሉ ከልጅነቴ ጀምሮ ሳየው ኖሬ፣ አሥር ዓመት አዲስ አበባ መቀመጥ አስረሳኝ።

በጋይንት ቤተልሔም ድጓ የሚያስተምሩት አባቶች ጺም ደግሞ ሌላ ነው፤ የክህነት ነውና መቀስም የሚያነሣበት የለም። ከዚያው አገር ሳልወጣ አንድ ነገር ልጨምር። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖል የተባለውን መድፋቸውን እያስጎተቱ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ የሄዱት በጋይንት በኩል ነው። መቅደላ ላይ ራሳቸውን በገደሉ ጊዜ እንግሊዞች ከሹሩባቸው ቆርጠው ወሰዱ፤ ያ ጠጉር በለንደን የጦር ሙዚየም ተቀምጦ ኖሮ ለኢትዮጵያ የተመለሰው በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ነው። አንድ ጉንጉን ጠጉር ለማስመለስ መንግሥት ከመንግሥት ሲነጋገር አይታችኋል። በሌላ በኩል የእነዚያው እንግሊዞች ሠራዊት እስከ ጥቅምት 1916 እ.ኤ.አ. ድረስ ወታደር የላይኛውን ከንፈሩን እንዳይላጭ በደንብ ይከለክል ነበር። በ2010 እ.ኤ.አ. ደግሞ ራም ሲንግ ቻውሃን የተባለ ሕንዳዊ ሪዙ ሲለካ 4 ሜትር ከ29 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ተገኝቷል። እኔን ያሳሰበኝ ግን በእሑድ እሑድ የሚያጥብለት ማን እንደሆነ ነው!

ወደ ቤቴ ልመለስ። ነገሩን በስልክ የሰማው አያ በኅዳር ወር መጣ። ይቆጣኛል ብዬ ስፈራ፣ ምንም ሳይናገር ቡናውን ጠጣና ልጁን ጠርቶ ግቢ ውስጥ በርጩማ ላይ አስቀመጠው። ቁስሉ ድኗል፤ ጠጉሩም ተመልሶ ጥቁር ጥቁር ብሏል። አያ ከኪሱ ትንሽ መቀስና ማበጠሪያ አወጣ። ሪዙ ደርቆ ሳለ ነው የከረከመው፤ የረጠበ ጠጉር ረዝሞ ስለሚታይ ሰው ሳያውቀው አብልጦ ይቆርጣል አለው። «አፍህን ግጠም፤ ከመካከል ጀምረህ ወደ ዳር ሂድ፤ አንዱን ወገን ከሌላው ጋር አስተካክላለሁ ስትል እንዳትጨርሰው» እያለ ነበር። ልጁ በአራት ዓመት ውስጥ እንደዚያ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ አላየሁትም። ሲጨርሱ አያ ወደ እኔ ዞሮ «እታለም፣ ልጁን አደራ ብዬ የሰጠሁሽ ከነፊቱ ነው» አለኝ። የመለስሁለት ነገር የለም።

ለአያ ለራሱ ከጠጅ ሰፈፍ ላይ የተጣራ ሰም ሠርቼ ሰጠሁት። ለምትፈልጉ አሠራሩ ይኸው፤ ሁለት ማንኪያ የተጣራ ሰምና አንድ ማንኪያ ቫዝሊን በትንሽ ጣሳ አድርጎ፣ ጣሳውን በፈላ ውሃ ውስጥ አስቀምጦ ማቅለጥና ማማሰል ነው። እሳት ላይ በቀጥታ አይጣድም፤ ይቀጣጠላል። ሲበርድ የምስር ፍሬ የምታህል በጣት አሙቆ ጫፉን ማጠምዘዝ ነው። ቅቤ የሚቀቡም አሉ፤ ነገር ግን ከሰዓት በኋላ ሽታው ቢሮ አያስቀምጥም።

ከዚያ ወዲህ በቤታችን እያንዳንዱ ሰው የራሱ መላጫ በየስሙ ተለይቶ ተቀምጧል፤ የእኔም ጭምር። ያገለገለ ምላጭ ክዳን ባለው ቆርቆሮ ውስጥ ይጠራቀማል፤ ሜዳ ላይ አይጣልም። የጥር ወሩ ምርመራ ነፃ ሆኖ ሲገኝ ከጤና ጣቢያው ደጃፍ ላይ ቁጭ ብዬ አልቅሻለሁ። የስድስተኛው ወር ቀጠሮ ሚያዝያ ላይ ነው፤ እርሱ እስኪያልፍ ድረስ እንቅልፌ ሙሉ አይሆንም። ልጁ ግን ያንን ሁሉ የረሳ ይመስላል። ባለፈው ሳምንት አባቱ የሰጠውን መቀስ ከሳጥኑ ውስጥ ባጣው ብጠይቀው፣ ለዚያች «ጥላሸት» ላለችው ሴት ልጅ ማበደሩን ነገረኝ። ስቆጣው ግራ ገብቶት አየኝና «አክስቴ፣ መቀስ እኮ ነው፤ ምላጭ መሰለሽ?» አለኝ። መቀሱን አስመልሼ በአልኮል ጠራርጌ አስቀምጬዋለሁ።