በሩን ስንከፍት አብረን እንክፈት



ባለፈው ወር የ13 ዓመቱ ልጄ «አባዬ፣ ራውተሩ ላይ ፖርት ክፈትልኝ» አለኝ። ፐርዝ ያለው የአክስቱ ልጅ፣ እኛ ቤት ኮምፒውተር ላይ በሠራው የማይንክራፍት ዓለም ገብቶ አብረው እንዲጫወቱ ነው። ገና ሳይጨርስ እምቢ አልኩት።

ምክንያት አለኝ። ከዓመታት በፊት የምግብ ቤቴን ካሜራ ከቤት ሆኜ ለማየት ፖርት ከፍቼ ነበር፤ ካሜራው ከፋብሪካ ይዞት የመጣውን ፓስዎርድ ግን አልቀየርኩም። አንድ ማታ ስከፍተው ካሜራው ከገንዘብ መቀበያው ዞሮ የጓዳውን በር ያያል። ከእኛ ሰው ማንም አላዞረውም። ያኔውኑ ፖርቱን ዘጋሁት። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለው ተንኮለኛ ፕሮግራም በዓለም ዙሪያ ስንቱን ካሜራና ራውተር የማረከው በዚሁ ባልተቀየረ ፓስዎርድ ነው።

ልጄ ግን አኮረፈ። ሳስበው፣ እኔ እምቢ ብል ዩቲዩብ አይቶ ብቻውን ይከፍተዋል። ስለዚህ ሰኞ፣ የምንዘጋበት ቀን ስለሆነ፣ ማታ አብረን ተቀመጥን።

ልጆች፣ ራውተር አገር ቤት ግቢ በር ላይ እንደሚቀመጠው ዘበኛ ነው። የቤቱ ሰው ያዘዘው ሲመጣ ያስገባል፤ ሳይጠራ የመጣውን ይመልሳል። ፖርት ፎርዋርዲንግ ማለት ለዘበኛው «ይህን ቁጥር ብሎ የመጣውን ወደዚያ ክፍል አሳልፈው» ብሎ መንገር ነው።

እንዲህ አደረግን፦

1. ራውተሩ ላይ የተለጠፈውን አድራሻ (ብዙ ጊዜ 192.168.0.1 ወይም 192.168.1.1 ነው) ብሮውዘር ላይ ጽፈን ገባን። ከሁሉ በፊት የራውተሩን ፓስዎርድ ቀየርን።
2. ለልጁ ኮምፒውተር የማይለወጥ የውስጥ አድራሻ ሰጠነው። አለበለዚያ አድራሻው አንድ ቀን ይቀየርና ዘበኛው እንግዳውን ሌላ ክፍል ይወስደዋል።
3. «ፖርት ፎርዋርዲንግ» በሚለው ገጽ 25565፣ ቲሲፒ፣ ከዚያ የኮምፒውተሩን አድራሻ ሞላን። 25565 የማይንክራፍት ጃቫ ቁጥር ነው።
4. ጨዋታው ላይ «ኋይትሊስት» የሚለውን አበራን። ስሙ ያልተጻፈ ሰው አይገባም።

አሁንም እምቢ አለ! ለካስ አንዳንድ የኢንተርኔት ድርጅት አንዱን የውጭ አድራሻ ለብዙ ቤት ያካፍላል። ራውተሩ ገጽ ላይ የሚታየው የውጭ አድራሻ ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ቁጥር ከጀመረ ነገሩ ይኸው ነው። ደውላችሁ «ፐብሊክ አይፒ» ጠይቁ፤ አንዳንዱ በነፃ፣ አንዳንዱ በክፍያ ይሰጣል። እኛም ደውለን ተስተካከለ።

ቅዳሜ ልጆቹ ሲሳሳቁ ቤቱ ደመቀ። ሲጨርሱ ልጄ ራሱ ገብቶ ፖርቱን ዘጋው። ስንጀምር የተስማማነው እንደዚያ ነበር።

እናንተም ዛሬ ማታ ከልጆቻችሁ ጋር ራውተራችሁን ክፈቱና ምን ምን በር እንደተከፈተ እዩ። «ዩፒኤንፒ» የሚባለው በርቶ ከሆነ፣ ጨዋታና ካሜራ እናንተን ሳይጠይቁ ፖርት ይከፍታሉና አጥፉት። የማታውቁት በር ካለ ጠይቁ፤ ቁጣው ይቆየን። ልጅ የሚደብቀን ቁጣችንን ፈርቶ ነው።

የወር ሰው ይበለን!