ስለ ፍየል ቀለብና ስለ ማዕድን
በደሴና በኮምቦልቻ አካባቢ ማሽላው ታጭዶ አገዳው ከተከመረ፥ የጤፉም ጭድ ከተሰበሰበ በኋላ፥ በየግቢው የሚታሰሩት ፍየሎች ቀለባቸው ይኸው ብቻ ኾኖ የሚከርምበት ቤት ብዙ ነው። ክምሩ ትልቅ ስለ ኾነ ባለቤቱ ስጋት አያድርበትም። ነገር ግን በመጋቢት ፍየሊቱን ብንመለከታት ሆዷ ተነፍቶ፥ ጀርባዋ ሰርጕዶ፥ ጠጕሯም ቆሞ እናገኛታለን። ጭድ ከ100 እጅ 4 እጅ ያህል ብቻ ፕሮቲን የሚባለው ገንቢ ምግብ አለው፤ በፍየል ጨጓራ ውስጥ ገለባውን የሚያብላሉት ረቂቃን ነፍሳት ግን ቢያንስ 7 እጅ ይፈልጋሉ። ስለዚህ ሆዷ ሞልቶ ትራባለች።

የጐደለው የሚገኘው ሩቅ አይደለም። የምስርና የሽንብራ ገለባ ከጤፍ ጭድ ይሻላል፤ የኑግ ፋጉሎም ከ100 እጅ 30 እጅ ያህል ፕሮቲን ስላለው በቀን አንድ ኹለት እፍኝ መጨመር ብዙ ይረዳል። አገዳውን ቈራርጦ አትርፎ ማቅረብ ነው፤ ፍየል ቅጠሉን መርጣ ግንዱን ትተዋለችና የተረፈው ለከብት ይኾናል። መራጭነቷን የሚነቅፉ አሉ፤ እኛ ግን በዚህ ዐዋቂ ናት እንላለን። ከባቲ የሰኞ ገበያ የተገዛች የቈላ ፍየል የግራር ቅጠል የለመደች ስለ ኾነች፥ ወደ ጭዱ በ15 ቀን ቀስ በቀስ ትልመድ።

አጥብቀን ልናሳስብ የምንወደው ግን ስለ ሙክት ነው። ለፋሲካ ወይም ለዐረፋ የታሰረውን ሙክት ቶሎ ይስባ ብለው ፉርሽካ ብቻ የሚያቀርቡለት አሉ። ፉርሽካ ፎስፎረስ የሚባለው ማዕድን የበዛበት፥ ካልሲየም የሚባለው ግን እጅግ ያነሰበት ነው። ኹለቱ ሳይመጣጠኑ ሲቀሩ በሽንቱ ውስጥ ጠጠር ይሠራል፤ በልጅነቱ የተኰላሸ ፍየልም የሽንት ቧንቧው ጠባብ ስለ ኾነ ይዘጋበታል። እግሩን ዘርግቶ ሲያምጥ፥ ሽንቱም ጠብ ጠብ ሲል የታየ እንደ ኾነ፥ የሆድ ድርቀት ነው ብሎ ቅቤ ማጠጣት ጊዜ ማጥፋት ነው። ፊኛው ሳይፈነዳ በዚያው ቀን የእንስሳት ሐኪም ይጠራ።

ይህ እንዳይደርስ ለ100 ኪሎ የፉርሽካና የፋጉሎ ድብልቅ 2 ኪሎ የላመ የኖራ ድንጋይ (የተቃጠለውን የግንብ ኖራ አይደለም) እና 1 ኪሎ ጨው መቀላቀል ይገባል። ቀድሞ በገንዘብ ስፍራ ያገለገለውን አሞሌ ለከብት ማላስ የአባቶቻችን ልማድ ነው፤ ጨው የላሰ ፍየል አብዝቶ ይጠጣልና ሽንቱ ይቀጥናል። ስለዚህ ንጹሕ ውሃ ከፊቱ አይታጣ። በደሴ ብርድ ማለዳ ግን ፍየል የቀዘቀዘ ውሃ ስለሚጠላ፥ ለብ አድርጎ መስጠት ነው።