መዝገቡ የሚያውቀውና የማያውቀው

እንደሚታወቀው፣ ክሪስቲስ የተባለው የጨረታ ድርጅት እ.ኤ.አ. በማርች 2021 ቢፕል በሚል ስም የሚታወቀውን አሜሪካዊ ሠዓሊ አንድ ዲጂታል ሥራ ከ69 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሸጧል። ሥራው ሠዓሊው በየዕለቱ አንድ አንድ እያደረገ ያዘጋጃቸው 5,000 ሥዕሎች በአንድነት የተደረደሩበት ሲሆን፣ ወርዱም ቁመቱም 21,069 ፒክስል፣ የፋይሉ መጠንም 319 ሚሊዮን ባይት ያህል ነው። በወቅቱ ብዙ የተባለው ስለ ዋጋው ነበር። በእኔ አስተያየት ግን የሳይንስን ተማሪ ይበልጥ ሊያስገርመው የሚገባ ሌላ ነገር አለ፤ ይኸውም ገዢው ይህን ያህል ገንዘብ የከፈለበትን ፋይል አንዲት ባይት ሳትጎድልበት ማንኛውም የኢንተርኔት ተጠቃሚ በነጻ ሊያወርደው መቻሉ ነው። ታዲያ የተሸጠው ምንድን ነው?

ተፈጥሮ ሊቀዱ የማይችሉ ነገሮች አሏት። እ.ኤ.አ. በ1982 ዉተርስና ዙሬክ በአንድ ወገን፣ ዲክስ ደግሞ በበኩሉ፣ ምንነቱ ያልታወቀን የኳንተም ሁኔታ በትክክል መቅዳት እንደማይቻል አሳይተዋል። ቢት ግን ከዚህ ወገን አይደለም። ቢት ዜሮ ወይም አንድ ነው፤ ሺህ ጊዜ ቢገለበጥ ሺኛው ቅጂ ከመጀመሪያው አይለይም። በሸራ ላይ የተሳለ ሥዕል አንድ ብቻ የሚሆነው ቀለሙና ጨርቁ ስለሚያስገድዱ ነው። ዲጂታል ሥዕል አንድ ብቻ የሚሆነው ሰዎች እንደዚያ እንዲሆን ከተስማሙ ብቻ ነው።

ከዚህ ስምምነት በፊት ዲጂታል ሥዕል የሚሰበስብ አልነበረም ማለት አይደለም። ዴቪያንትአርት በ2000 አሜሪካ ውስጥ፣ ፒክሲቭም በ2007 ጃፓን ውስጥ ከተከፈቱ ጀምሮ አባላት የወደዱትን የሌላ ሰው ሥራ በየራሳቸው ስብስብ ያኖሩ ነበር። ያን ጊዜ መሰብሰብ ማለት ሥራውን ማድነቅና ለሌሎች ማሳየት እንጂ መግዛት አልነበረም። ለዶክትሬት ጥናት ውጭ ሀገር በነበርኩበት ጊዜ አንድ የቤተ ሙከራ ባልደረባዬ ማታ ማታ አፖፊሲስ በተባለ ፕሮግራም የፍራክታል ሥዕሎች ይሠራ ነበር። ከሥዕሉ ጋር የቀመሩን ቁጥሮች ጭምር ይለጥፋል፤ በአካል አይቶት የማያውቅ ሰው ከሌላ አህጉር ቁጥሮቹን ወስዶ ጥቂቶቹን ይለውጥና አዲስ ሥዕል ይዞ ይመጣል፤ ከሥሩም የመጀመሪያውን ሠሪ ስም ያሰፍራል። ስሙን እንዲያሰፍር የሚያስገድደው ኮድ አልነበረም፤ ይሉኝታ እንጂ።

እነሆ ከዚህ በኋላ ኤንኤፍቲ መጣ። ብሎክቼይን በብዙ ሺህ ኮምፒውተሮች ላይ በአንድነት የሚጻፍና የተጻፈው የማይፋቅ መዝገብ ነው። በዚህ መዝገብ ላይ አንድ መስመር ተጽፎ «ይህ ቶከን የእገሌ ነው» ይባላል። ብዙ ሰው ሥዕሉ ራሱ መዝገቡ ውስጥ ያለ ይመስለዋል፤ አለመሆኑን ግን በቀላል ስሌት ማረጋገጥ ይቻላል። ኢቴሪየም የተባለው መረብ የሚሠራውን ሥራ ሁሉ «ጋዝ» በሚባል መለኪያ ይቆጥራል፤ 32 ባይት አዲስ መረጃ በቋሚነት ለማኖር 20,000 ጋዝ ያህል ይጠይቃል። የቢፕል ፋይል በ32 ባይት ሲከፈል ወደ 10 ሚሊዮን ክፍሎች ይሆናል፤ በጠቅላላው 200 ቢሊዮን ጋዝ መሆኑ ነው። በ2021 ማብቂያ የአንድ ብሎክ ጣሪያ 30 ሚሊዮን ጋዝ ሲሆን፣ በሁለት ብሎኮች መካከል 13 ሰከንድ ያህል ያልፍ ነበር። አካፍላችሁ ብታባዙት መረቡ በሙሉ ሌላ ሥራውን ትቶ ያንን አንድ ሥዕል ሲጽፍ ሃያ አራት ሰዓት ይፈጅበታል! ስለዚህ በመዝገቡ ላይ የሚሰፍረው በአብዛኛው የፋይሉ አድራሻ ብቻ ነው። (በነገራችን ላይ፣ የኢቴሪየም የኤሌክትሪክ ፍጆታ በሴፕቴምበር 2022 በተደረገው የአሠራር ለውጥ ከ99 በመቶ በላይ ስለቀነሰ፣ የዚያን ዘመን የኃይል ብክነት ወቀሳ ዛሬ መድገሙ ተገቢ አይደለም።)

አድራሻው ሁለት ዓይነት ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው እንደ ማንኛውም ድረ ገጽ የአንድ ድርጅት ሰርቨር አድራሻ ነው፤ ድርጅቱ ሲወድቅ አድራሻው ባዶ ቤት ይሆናል። ኤፍቲኤክስ የተባለው የክሪፕቶ ገበያ በኖቬምበር 2022 ከከሰረ በኋላ በእርሱ መድረክ ላይ የተሸጡ ሥራዎች ምስል የጠፋው በዚህ ምክንያት ነው። ቶከኑ አለ፣ ባለቤቱም ተመዝግቧል፤ ሥዕሉ ግን የለም። ሁለተኛው ዓይነት ከፋይሉ ከራሱ በስሌት የሚወጣ አድራሻ ሲሆን፣ ስሌቱም ሃሽ ይባላል። ኤስኤችኤ-256 የተባለው ሃሽ የማንኛውንም ፋይል አሻራ በ256 ቢት ይገልጻል፤ ሊኖሩ የሚችሉት አሻራዎች ብዛት ከ1 ቀጥሎ 77 ዜሮ የሚጻፍበት ቁጥር ነው። እንዲህ ያለው አድራሻ «ፋይሉ የት አለ?» ሳይሆን «ፋይሉ የትኛው ነው?» የሚለውን ስለሚመልስ፣ በዓለም ላይ ፋይሉን የያዘ አንድ ኮምፒውተር እስካለ ድረስ ሊገኝ ይችላል።

የዚህ ልዩነት ጥቅም የታየው በሂክ ኤት ኑንክ ነው። ስሙ በላቲን «እዚህና አሁን» ማለት ሲሆን፣ በ2021 መጀመሪያ በአንድ ብራዚላዊ ገንቢ የተከፈተ፣ ቴዞስ በተባለው ርካሽ ብሎክቼይን የሚሠራ መድረክ ነበር። ሥራን ለማስመዝገብ የሚጠይቀው ክፍያ እጅግ አነስተኛ በመሆኑ ጨረታ ቤት የማያውቃቸው ብዙ ሠዓልያን ተሰበሰቡበት። በዚያው ዓመት በኖቬምበር ወር መሥራቹ ድንገት ዘጋው። ሆኖም የመድረኩ ኮድ ለሁሉም ክፍት፣ ሥዕሎቹም በሃሽ አድራሻ የተቀመጡ ስለነበሩ አባላቱ ወዲያው ተመሳሳይ ገጾችን አቆሙ፤ ቆየት ብሎም ቴያ የተባለ በአባላት የሚመራ መድረክ መሠረቱ። ሥዕሎቹን ያዳናቸው የቶከኑ ብርቅነት አይደለም፤ የቅጂዎቹ መብዛትና ቅጂዎቹን ለመጠበቅ የተነሡ ሰዎች መኖራቸው ነው። የሃሽ አድራሻም ቢሆን ፋይሉን የሚይዝ ሰው ሲጠፋ ዋጋ የለውም።

መዝገቡ ፈጽሞ የማያውቀው ደግሞ ሥዕሉን ማን እንደሣለው ነው። የሌላውን ሥራ አውርዶ፣ አንድ ፒክስል ለውጦ፣ በራሱ ስም የሚያስመዘግብ ሰው ከዋናው ፈጽሞ የተለየ ሃሽ ያገኛል፤ ለዓይን አንድ የሆኑት ሁለቱ ሥዕሎች ለመዝገቡ ባዕዳን ናቸው። ኦፕንሲ የተባለው ትልቅ ገበያ በጃንዋሪ 2022 ባወጣው መግለጫ፣ በነጻ መፍጠሪያ መሣሪያው ከተፈጠሩት ቶከኖች ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት የተሰረቁ ሥራዎች፣ የሐሰት ስብስቦችና ርባና ቢስ ነገሮች እንደሆኑ ራሱ ተናግሯል። የማይፋቅ መዝገብ ሐሰትንም እንዲሁ እንዳይፋቅ አድርጎ ይጽፋል።

የቀድሞዎቹን መድረኮች ከመጠን በላይ ማመስገንም አይገባም። ዴቪያንትአርት በኖቬምበር 2022 ሥዕል የሚያመነጭ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሲያቀርብ፣ የአባላቱን ሥራዎች ባለቤቶቹ ካልከለከሉ በቀር ለሌሎች ማሽኖች ማሠልጠኛ እንደተፈቀዱ ቆጥሮ ነበር፤ አቋሙን የለወጠው ከፍ ያለ ቁጣ ከተነሣ በኋላ ነው። በቀጣዩ ወር የአርትስቴሽን አባላት ፊተኛውን ገጽ በተቃውሞ ምስል ሞሉት። ሁለቱም አጋጣሚዎች እንደሚያሳዩት መድረኩን ዋጋ የሰጠው ከባለቤቱ ይልቅ አባላቱ ናቸው፤ ውሳኔው ግን በእነርሱ እጅ አልነበረም።

በየዩኒቨርሲቲው በስልክና በታብሌት የሚሥሉ ወጣቶቻችን በርካታ ናቸው፤ ኤንኤፍቲ ሸጠን ዶላር እናገኛለን ብለው የጠየቁኝም አሉ። ገበያው ከ2022 በኋላ እጅግ መቀዝቀዙን፣ ብሔራዊ ባንክም በጁን 2022 በክሪፕቶ ገንዘብ መገበያየት ሕጋዊ አለመሆኑን ማሳሰቡን ነግሬያቸዋለሁ። ከዚህ ይልቅ ሌላ ጥያቄ ቢጠይቁኝ እወድ ነበር፤ «ይህ መድረክ ነገ ቢዘጋ ሥራዬን ከነቀኑና ከነአስተያየቱ ይዤ መውጣት እችላለሁን?» የሚለውን። አብዛኞቻችን ሥራችንን የምናጋራበት ቴሌግራም ሥዕልን እንደ ፎቶ ስንልከው ይጨምቀዋል፤ የሚወጣው ሥዕል ያው መስሎ ቢታይም ባይቶቹም ሃሹም ሌላ ናቸው። እንደ ፋይል ሲላክ ግን እንዳለ ይደርሳል። ንብርብሩ ያልተዋሐደውን የሥራ ፋይል ደግሞ ለማንም ሳይልኩ ቢያንስ በሁለት ቦታ ማኖር ያስፈልጋል፤ ሥዕሉ የማን ነው የሚል ክርክር ሲነሣ፣ ሌባው ሊያቀርበው የማይችለው ያንን ብቻ ነው።