ጆሮ ሲመልስ እንስማው

ጆሮ ድምፅ ተቀባይ ብቻ ሳይሆን ራሱም ድምፅ አውጪ ነው ብንል ከአንባቢዎቻችን መካከል የሚስቅብን አይጠፋም። ነገሩ ግን ቀልድ አይደለም። ቶማስ ጎልድ የተባለው ሊቅ የውስጥ ጆሮ የደረሰውን ድምፅ በራሱ ኃይል የሚያጎላ መሆን አለበት ሲል በ1948 እ.ኤ.አ. ጽፎ ነበር፤ በጊዜው ግን ብዙ ሰሚ አላገኘም። ከ30 ዓመት በኋላ፣ በ1978 እ.ኤ.አ.፣ ዴቪድ ኬምፕ የተባለው እንግሊዛዊ የፊዚክስ ሊቅ ለጆሮ አጭር ድምፅ አሰምቶ፣ ዓይን ተከድኖ እስኪገለጥ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ከዚያው ጆሮ ተመልሶ የሚወጣ ደካማ ድምፅ በማይክሮፎን መያዙን አሳተመ።

ይህ ድምፅ ከግድግዳ ተላትሞ እንደሚመለስ የገደል ማሚቶ አይደለም። በውስጥ ጆሮ እንደ ቀንድ አውጣ የተጠቀለለ አካል አለ፤ በዚያም 12,000 ያህል የውጭ ረድፍ ፀጉር አዘል ሕዋሶች ተሰልፈዋል። ድምፅ ሲደርሳቸው እየተኮማተሩና እየተዘረጉ ያጎሉታል፤ ከእንቅስቃሴያቸው የተረፈውም በታምቡሩ በኩል ወደ ውጭ ይወጣል። ሕዋሶቹ ከሞቱ መልስ የለም፤ በሰው ጆሮ ደግሞ የሞቱት ዳግመኛ አይተኩም።

እንግዲህ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። ትልቅ ሰው በሐኪም ፊት ተቀምጦ «ሰማሁ፤ አልሰማሁም» ይላል። አራስ ልጅ ምን ይበል? በእንግሊዝ አገር ቀድሞ ሕፃኑ 8 ወር ገደማ እስኪሆነው ተጠብቆ፣ ድምፅ ሲሰማ ዘወር ማለቱ ይታይ ነበር። ዛሬ ግን ለተኛ አራስ ትንሽ መሣሪያ ጆሮው ውስጥ ይገባና በጥቂት ደቂቃ ጆሮው ራሱ ይመሰክራል። መርፌ የለ፤ ሕመም የለ። ያቺው አገር ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሚወለዱላት ሕፃናት ሁሉ የመስማት ምርመራ ታቀርባለች።

በእኛ ዘንድ ልጅ አፉን ሳይፈታ ሲቆይ «አባቱም የተናገረው ዘግይቶ ነው፤ ቆዩት» ማለት የተለመደ ነው። በዚህ መካከል ቋንቋ የሚዘራበት ወርቃማ ጊዜ ያልፋል። በሙያው የታወቀው መመሪያ በ1 ወር መርምሩ፣ በ3 ወር አረጋግጡ፣ በ6 ወር እርዳታ ጀምሩ ይላል። አበውስ «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በርጥቡ» አላሉምን?

«ወረርሽኝና ረኃብ ላለበት አገር ይህ ቅንጦት ነው» የሚሉ ወንድሞች አሉ። መስማት አለመቻል እንደማይገድል እናምናለን። ያለ ቋንቋ ማደግ ግን ልጁን ከእናቱ፣ ከጓደኞቹና ከትምህርት ቤት ይለየዋል። ደግሞስ ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያ በተዘረጋው የማጅራት ገትር ቀበቶ ውስጥ የምንኖር ነን፤ ይህ በሽታ ነፍስ ባይነጥቅ እንኳ ብዙ ጊዜ ጆሮ ይነጥቃል። ከእርሱ የዳነ ልጅ ሁሉ ሳይውል ሳያድር ጆሮው ሊመረመር ይገባል።

ሆኖም መሣሪያ እናምልክ አንልም። በጆሮ ውስጥ ውኃ ቢቋጥር ወይም ኩክ ቢዘጋው፣ መልስ ጠፋ ማለት ልጁ ደንቆሮ ነው ማለት አይደለም። በአንጻሩም ሕዋሶቹ ደኅና ሆነው ጉዳቱ በነርቩ ላይ ሲሆን፣ መሣሪያው «ደኅና ነው» ብሎ ሊያሳልፍ ይችላል። ስለዚህ የተጠረጠረው ሁሉ የነርቭና የአንጎል ምላሽ በሚለካበት በሌላው ምርመራ መረጋገጥ አለበት።

ከሁሉ በላይ ግን፣ «ልጅሽ አይሰማም» ብሎ እናትን ባዶ እጅዋን መስደድ ምርመራ ሳይሆን ጭካኔ ነው። መርማሪው ባለበት የመስሚያ መሣሪያ የሚሰጥ፣ ለልጁም ለወላጆቹም የምልክት ቋንቋ የሚያስተምር ይኑር። የምልክት ቋንቋ የተሟላ ቋንቋ ነው፤ በጊዜ የተማረው ልጅ አእምሮው አይራብም።

ሕክምና የምትማሩ መሣሪያውን ወደ አዋላጅ ክፍሎች ለማድረስ፣ ኢንጂነሪንግ የምትማሩ ሲበላሽ እዚሁ ለመጠገን፣ መምህርነት የምትማሩ ምልክት ለማወቅ ከዛሬ አስቡበት። ጆሮው መልስ መስጠት ከጀመረ ቆይቷል፤ የቀረው የእኛ መስማት ነው።