ሯጩን ሲወስዱት ደብተሩስ?

የአምቦው ልጅ ፊጣ ባይሳ በ1984 ዓ.ም ባርሴሎና ላይ በ5 ሺህ ሜትር የነሐስ ሜዳሊያ ሲያጠልቅ በመዝገብ ዕድሜው ገና 19 ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ቶኪዮ ላይ በዓለም ሻምፒዮና ብር ወስዷል። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ሽቱትጋርት ላይ ኃይሌ ገብረሥላሴ ሁለተኛ ሲወጣ ሦስተኛው እርሱ ነበር። በጀልዱ ወረዳ የተወለደው ፈይሳ ሌሊሳ በ21 ዓመቱ በዴጉ የዓለም ሻምፒዮና በማራቶን ነሐስ አገኘ፤ ነሐሴ 15 ቀን 2008 ዓ.ም ሪዮ ላይ ደግሞ በ2:09:54 ከኤሉድ ኪፕቾጌ ቀጥሎ ገባ። ምዕራብ ሸዋ ሯጭ እንደሚያበቅል ለማስረዳት እነዚህ ሁለት ስሞች ይበቃሉ። ከአምቦ ወደ ወሊሶ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው የወንጪ አፋፍ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ከሐይቁ ዳር እስከ አፋፉ በእግር የሚመላለስ፣ ከጎብኚ ፈረስ ኋላ ዳገቱን የሚወጣ ታዳጊ አሰልጣኝ ሳያየው ልምምድ ላይ ነው።

ጥያቄው ይህን ልጅ ማን ያገኘዋል የሚል ብቻ ቢሆን ኖሮ መልሱ ቀላል በሆነ ነበር። የምልመላው መንገድ የታወቀ ነው። የስፖርት መምህሩ ከክፍሉ ለይቶ ያየውን ተማሪ ለወረዳ ውድድር ያሰልፈዋል፤ በወረዳ የቀናው ወደ ዞን፣ በዞን የቀናው ወደ ኦሮሚያ ሻምፒዮና ያልፋል። እዚያ የክለብ አሰልጣኞች ሰዓት ይዘው ይጠብቃሉ። ከዚሁ ዞን ምድር የበቀለውን ሙገር ሲሚንቶን ጨምሮ መከላከያ፣ ንግድ ባንክ፣ ማረሚያና ሌሎቹም ክለቦች የኢትዮጵያን አትሌቲክስ ለአሥርት ዓመታት የተሸከሙት እንዲህ ከየገጠሩ ባገኟቸው ልጆች ነው። ለልጁ የሚቀርብለት ወርሃዊ ደመወዝ፣ የካምፕ መኝታና ምግብ፣ መሮጫ ጫማም ነው። በገብስና በድንች ለሚተዳደር ቤተሰብ ይህ ትልቅ ነገር ነው። አባትና እናት «ሂድ፣ ይቅናህ» ቢሉ የሚወቅሳቸው ሊኖር አይገባም።

ችግሩ የሚጀምረው ልጁ አዲስ አበባ ከገባ በኋላ ነው። ልምምዱ ሳይነጋ ይጀመራል፤ አንድ ቀን እንጦጦ፣ ሌላ ቀን ሱሉልታ ወይም ሰንዳፋ። ከሰዓት በኋላ ሁለተኛ ልምምድ አለ፤ በመሃል እንቅልፍ የግድ ነው፤ ሰውነት የሚያገግመው ያኔ ነውና። ከትምህርት ቤቱ መሸኛ ያወጣም ያላወጣም፣ ዘጠነኛ ወይም ዐሥረኛ ክፍል ላይ የነበረው ተማሪ በዚህ ፕሮግራም ውስጥ ደብተር የሚከፍትበት ሰዓት በጭንቅ ነው የሚያገኘው። በክለቡና በልጁ መካከል ያለው ስምምነት ስለ ልምምድ፣ ስለ ውድድርና ስለ ደመወዝ ይናገራል። የተቋረጠው ትምህርት የማን ኃላፊነት እንደሆነ ግን አይታወቅም።

ከመቶ ተመልማይ ስንቱ ፈይሳን ይሆናል? ማንም ሯጭ መልሱን ያውቀዋል። የቁርጭምጭሚት ጅማት ይቆስላል፤ የእግር አጥንት በድካም ይሰነጠቃል፤ ሰዓቱ አልወርድ ይላል። ክለቡም ሁለት ሦስት ዓመት ጠብቆ ያሰናብታል። በ22 ዓመቱ ወደ ጊንጪ ወይም ወደ ጉደር የሚመለሰው ወጣት በእጁ ያለው የዘጠነኛ ክፍል ካርድ ነው። እኩዮቹ ወይ ተመርቀዋል፣ ወይ ሥራ ይዘዋል፣ ወይ መሬቱን ተካፍለው ጨርሰዋል።

እዚህ ላይ ከሩቅ አገር፣ ከሩቅ ስፖርት አንድ ነገር መዋስ ይጠቅማል። አሜሪካውያን በሚወዱት ቤዝቦል፣ ኳስ በዱላ በሚመታበት ጨዋታ፣ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን የጨረሰ ጎበዝ ተጫዋች መንታ መንገድ ላይ ይቆማል። አንዱ መንገድ ወደ ፕሮፌሽናል ክለብ፣ ሌላው ወደ ዩኒቨርሲቲ ነው። የዩኒቨርሲቲ አሰልጣኞች ተማሪው 11ኛ ክፍል ከመግባቱ በፊት ካለው ነሐሴ 1 (በእነርሱ አቆጣጠር) ጀምሮ በቀጥታ ሊያነጋግሩት ይችላሉ፤ ከዚያ በፊት አይፈቀድላቸውም። የአራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ከመረጠ ደግሞ ሦስተኛ ዓመቱን እስኪጨርስ ወይም 21 ዓመት እስኪሞላው ድረስ ክለቦች በዓመታዊው ምርጫቸው ሊወስዱት አይችሉም። የክለቦቹ ሊግ ራሱ በዚህ ደንብ ታስሯል።

ከዚህ ሁሉ ይበልጥ ልብ ሊባል የሚገባው ግን ሌላኛው መንገድ ነው። ልጁ ዩኒቨርሲቲውን ትቶ ክለብ ሲመርጥ በሚፈርመው ውል ውስጥ የትምህርት ገንዘብ ሊጻፍለት ይችላል። በአንድ ሴሚስተር ይህን ያህል፣ ለዚህን ያህል ሴሚስተር ተብሎ ተደራድሮበት ይሰፍራል። ጨዋታው ሳይሆንለት ቀርቶ ሲሰናበት በሁለት ዓመት ውስጥ ትምህርት ከጀመረ ክፍያው ይፈጸምለታል። ክለቡ ልጁን ከዩኒቨርሲቲ ደጃፍ ላይ እንደወሰደው በወረቀት አምኗል ማለት ነው።

ሥርዓቱ እንከን የለውም ማለት አይደለም። ለረጅም ዓመታት አንድ የመጀመሪያ ዲቪዚዮን ዩኒቨርሲቲ ለቤዝቦል ቡድኑ የነበረው ነፃ የትምህርት ዕድል 11.7 ብቻ ነበር፤ ይህም እስከ 27 ለሚደርሱ ተጫዋቾች እየተሸነሸነ ስለሚታደል ብዙዎቹ ሩቡን አግኝተው ቀሪውን ቤተሰባቸው ይከፍል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2025 ፍርድ ቤት ያጸደቀው ስምምነት ይህን ገደብ ለውጦ፣ ስምምነቱን የተቀበሉ ዩኒቨርሲቲዎች እስከ 34 ተጫዋች እንዲይዙና ለሁሉም እንዲከፍሉ ፈቅዷል። በቀድሞው ገደብ ድሃ ቤተሰብ ለዓመታት ተጎድቷል። ነገር ግን ገንዘቡ ሲያንስም ሲበዛም፣ ልጁ ተማሪ ነው የሚለው ሐሳብ ከውሉ አልወጣም።

የእኛው ደም ያለበት ምሳሌም አለ። ያሬድ ንጉሤ ከኢትዮጵያ ከሄዱ ወላጆች አሜሪካ ተወልዶ በኬንታኪዋ ሉዊቪል ያደገ ልጅ ነው። ሩጫ የጀመረው በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለ ነው። ኖትር ዳም ዩኒቨርሲቲ ወሰደው፤ በ2019 እ.ኤ.አ. የዩኒቨርሲቲዎች የ1,500 ሜትር አሸናፊ ሆነ፤ በባዮኬሚስትሪ ተማረ፤ የጥርስ ሐኪም የመሆን ሐሳብም ነበረው። በ2024 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ በ3:27.80 የኦሊምፒክ ነሐስ አገኘ። እግሩ ባይሄድለት ኖሮም ዲግሪው ከእርሱ ጋር ነበር። ትውልደ ኤርትራዊቷ ወይኒ ቀላቲም በኒው ሜክሲኮ ዩኒቨርሲቲ እየተማረች በ2019 እ.ኤ.አ. የዩኒቨርሲቲዎችን አገር አቋራጭ አሸንፋለች። ኬንያውያን ደግሞ ይህን በር ካወቁት ቆይተዋል። ሄንሪ ሮኖ በ1978 እ.ኤ.አ. በ81 ቀናት ውስጥ አራት የዓለም ክብረ ወሰን የሰበረው የዋሽንግተን ስቴት ተማሪ ሆኖ ነው።

ኢትዮጵያውያን ሯጮች በዚህ በር ሲያልፉ የሚታዩት ከጎረቤቶቻችን ባነሰ ቁጥር ነው። የጎደለን ፍጥነት አይደለም። የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ 12ኛ ክፍል የጨረሰና እንግሊዝኛ የሚያነብ ተማሪ ይፈልጋል። በዚያ ላይ ለዓመታት የጸናው ደንብ፣ 12ኛን ከጨረሰ አንድ ዓመት አልፎት በተደራጀ ውድድር የሮጠ አትሌት የመወዳደሪያ ጊዜው እየተቀነሰበት እንዲሄድ ያደርጋል። ከዘጠነኛ ክፍል ወጥቶ ካምፕ የገባ ልጅ ለዚህ ሁሉ ከመጀመሪያው ውጭ ነው። በሩ የተዘጋበት እርሱ ስለ በሩ ከመስማቱ በፊት ነው።

«ትምህርቱስ ምን ያደርግለታል?» የሚል ይኖራል። ሊናቅ የማይገባ ጥያቄ ነው። በ2014 የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተቀመጡት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2016ም 5.4 በመቶ። የጸጥታው ችግርም ባለፉት ዓመታት በምዕራብ ሸዋ ብዙ የትምህርት ቀን በልቷል። ይህን ያየ ወላጅ ደመወዝ ያለበትን ካምፕ ቢመርጥ አያስደንቅም። ሆኖም ሁለቱም በሮች ጠባብ በሆኑበት አገር አንዱን በገዛ እጅ መዝጋት ለልጁ የሚተርፍለትን ዕድል መቀነስ ነው። ፈተናውን በመጀመሪያው ዙር ያላለፈ ተማሪ እንኳ ወደ ሙያ ትምህርት መሄድ ይችላል፤ ዘጠነኛ ላይ የቀረ ግን ለዚያም ብዙ ይጎድለዋል።

ጸሐፊው የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው። ማንኛውም ክለብ ከትምህርት ገበታ ላይ የሚወስደው ከ18 ዓመት በታች የሆነ ሯጭ ውል ውስጥ የትምህርት አንቀጽ ይግባ። ልጁ በክለቡ ባለበት ጊዜ በማታ ወይም በርቀት ትምህርት መመዝገቡ፣ የፈተና ቀኖቹም ከውድድር እንዲጠበቁ ይጻፍ። በየወሩ ከደመወዙ በተጨማሪ በስሙ የሚቀመጥ፣ ሲሰናበት ለትምህርት ብቻ የሚለቀቅ ገንዘብ ባንክ ይግባ። ወላጅ ይፈርም፤ አንድ ቅጂ ልጁ በወጣበት ትምህርት ቤት ይቀመጥ። የበቆጂው መምህር ስንታየሁ እሸቱ ደራርቱን፣ ቀነኒሳንና ጥሩነሽን ከትምህርት ቤት ሜዳ ጀምረው እንዳሳደጉ አገር ያውቃል። በየወረዳው ያለው የእርሳቸው ብጤ መምህር ግን ተማሪው ከሄደ በኋላ የሚጠይቅበትም የሚጠየቅበትም ወረቀት የለውም።

ክለቦች ወጪ በዛብን ማለታቸው አይቀርም። ነገሩ በአንድ ክለብ በጎ ፈቃድ ብቻ እንዳይንጠለጠል ነው የኢትዮጵያ አትሌቲክስ ፌዴሬሽን ሊገባበት የሚገባው። ከኃይሌ ገብረሥላሴ ወደ ደራርቱ ቱሉ፣ ከደራርቱ ወደ ስለሺ ስህን የተሸጋገረው ፕሬዚዳንትነት በዚህ መንገድ ባለፉ ሰዎች እጅ ነው፤ ካምፕ ምን እንደሆነ የሚነገራቸው አይደሉም። ፌዴሬሽኑ ወጣት አትሌት ሲመዘግብ በቅጹ ላይ የክፍል ደረጃውንና የሚማርበትን ትምህርት ቤት ይጠይቅ፤ ቦታው ባዶ የሆነበትን ቅጽ አይቀበል። አምቦ ዩኒቨርሲቲም በራሱ ከተማና በዙሪያው ላሉ ሯጮች በየዓመቱ ጥቂት ቦታ ቢለይና ልምምዳቸውን በራሱ ሜዳ ቢይዝ፣ ከጀልዱም ሆነ ከወንጪ የሚመጣው ልጅ ለመሮጥ ሲል ከቤቱ መራቅ ላያስፈልገው ይችላል። ስለ ትምህርት አንቀጹ ለመወያየት የሚቀጥለው የዞን ትምህርት ቤቶች ውድድር ጥሩ መጀመሪያ ይሆናል፤ ክለቦቹም መልማዮቻቸውን እዚያው ስለሚልኩ ውይይቱን ከርእሳነ መምህራኑና ከወላጆች ጋር በዚያው ሜዳ ማካሄድ ይቻላል።