ነሕስ፦ እውን ገደ ቢስ ቀን አለ?



በዚህ ወር የምንመለከተው ቃል በዕለት ንግግራችን ብዙም አይሰማም፤ ሐሳቡ ግን በየቤቱ አለ። «ኮከባቸው አልገጠመም» ተብሎ የሁለት ወጣቶች ኒካሕ ሲቀር፣ «ቀኑ ጥሩ አይደለም» ተብሎ መንገደኛ ከደጅ ሲመለስ፣ ከጀርባው ያለው እምነት በዐረብኛ ስም አለው፤ «ነሕስ» ይባላል።

ነሕስ ማለት ክፉ ዕጣ፣ ገደ ቢስነት ማለት ነው። ተቃራኒው «ሰዕድ»፣ መልካም ዕድል ሲሆን ሰዒድና ሱዓድ የሚሉት ስሞቻችን ከዚሁ የወጡ ናቸው። በእህት ቋንቋው በዕብራይስጥም በእነዚሁ ሦስት ፊደላት የተሠራ፣ ምልክት አይቶ መጠንቆልን የሚገልጽ ግስ አለ። በቁርኣን ውስጥ ቃሉ የዓድ ሕዝቦች በነፋስ በጠፉበት ታሪክ ይገኛል፤ በሱረቱ ፉሲለት 16ኛው እና በሱረቱል ቀመር 19ኛው አንቀጽ።

ታዲያ ቃሉ ከከዋክብት ጋር እንዴት ተገናኘ? በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በእስክንድርያ የኖረው ቶሌሚ ፕላኔቶችን «በጎ አድራጊ» እና «ክፉ አድራጊ» ብሎ ከፍሏቸው ነበር። ሕይወት ሙቀትና እርጥበት ይፈልጋል፤ ሳተርን ቅዝቃዜው በዝቷል፣ ማርስ ደግሞ ያደርቃል፣ ያቃጥላል፤ ስለዚህ ሁለቱ ክፉዎች ናቸው የሚል ነበር ምክንያቱ። በአባሲዮች ዘመን የግሪክ መጻሕፍት በባግዳድ ወደ ዐረብኛ ሲመለሱ፣ ኮከብ ቆጣሪዎች ለዚህ ሐሳብ ነሕስ የሚለውን ቃል ያዙ። ዙሐል (ሳተርን) «ታላቁ ነሕስ»፣ ሚሪኽ (ማርስ) «ትንሹ ነሕስ» ተባሉ። ሙሽተሪ (ጁፒተር) «ታላቁ ሰዕድ»፣ ዙሀራ (ቬነስ) «ትንሹ ሰዕድ» ሆኑ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ትምህርቱ ከወሕይ የመጣ አይደለም። የዐረብኛ ልብስ ስለለበሰ ብቻ ኢስላማዊ አይሆንም።

በሀገራችን ኮከብ ቆጣሪዎች ዘንድም፣ ሙስሊም ባልሆኑት ጭምር፣ ሐመል፣ ሰውር፣ አሰድ፣ ዐቅራብ፣ ሑት የሚሉት የከዋክብት ስሞች ዐረብኛ ናቸው። የሰውየው ስም በፊደል ቁጥር ይደመራል፣ የእናቱ ስም ይጨመራል፣ በ12 ተገድፎ የቀረው ቁጥር «ኮከቡ» ይሆናል። እስቲ ይህን ስሌት እንፈትነው። የእናትን ስም ለጊዜው ትተን «ናስር» የሚለውን ስም በዐረብኛ እንጻፈው። በምሥራቁ አቆጣጠር ኑን 50፣ አሊፍ 1፣ ሷድ 90፣ ራ 200፤ ድምሩ 341 ነው። በ12 ሲገደፍ 5 ይቀራል፤ ኮከቡ አሰድ ሆነ። በመግሪብ አገሮች አቆጣጠር ግን ሷድ 60 ነው። ድምሩ 311፣ ቀሪው 11፤ ኮከቡ ደለዊ ሆነ። አንድ ሰው፣ አንድ ስም፣ ሁለት ኮከብ! በዚህ ስሌት ነው እንግዲህ የልጆቻችን ትዳር የሚፈርሰው?

አንዳንዶች «ነሕስ የሆኑ ቀኖች እንዳሉ ቁርኣኑ ራሱ ተናግሯል» ይላሉ። ከዚህም ተነስተው ረቡዕን የሚፈሩ አሉ። ነገር ግን ሱረቱል ሓቃ 7ኛ አንቀጽ ነፋሱ በዓድ ላይ ሰባት ሌሊትና ስምንት ቀን እንደዘለቀ ይነግረናል። ተከታታይ ስምንት ቀን የሳምንቱን ቀኖች ሁሉ ያዳርሳል። ቀኑ በራሱ ክፉ ቢሆን ኖሮ ጁምዓን ጨምሮ አንድም ደህና ቀን ባልተረፈን ነበር። ደግሞስ በእነዚያው ቀኖች ነቢዩ ሁድ (ዐ.ሰ) እና አብረዋቸው ያመኑት ድነዋል። ለእነርሱ ቀኑ የመዳን ቀን ነበር። ነሕሱ በቀኑ ላይ ሳይሆን በሕዝቡ ሥራ ላይ ነበር ማለት ነው።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ይህን በተግባር አሳይተዋል። ዐረቦች በሸዋል ወር ማግባትን ይፈሩ ነበር፤ እርሳቸው ግን እናታችንን ዓኢሻን (ረ.ዐ) ያገቡት በሸዋል ነው፤ ከእርሷ የበለጠ የታደለች ማን ነበረች? በ632 ልጃቸው ኢብራሂም በሞተ ዕለት ፀሐይ ስትጋረድ ሰዎች ሁለቱን ነገር አያያዙ። እርሳቸው ግን ልባቸው በኀዘን ተሰብሮ ሳለ እንኳ ፀሐይና ጨረቃ ለማንም ሞት ወይም ሕይወት እንደማይጋረዱ አስተማሩ።

ይህ ማለት ሰማይን ማጥናት ክልክል ነው ማለት አይደለም። የሶላት ሰዓትን፣ ቂብላን፣ የወር መባቻን የምናውቅበት ስሌት ጠቃሚ ዕውቀት ነው። የተከለከለው የነገን ዕጣ ከኮከብ መጠየቅ ነው፤ ጠያቂው መጽሐፍ ገላጭም ይጠይቅ፣ ዛሬ እንደተለመደው የእጅ ስልኩን።

ወላጆች ሆይ! ልጃችሁን ለሚጠይቅ ወጣት ኮከብ አታስቆጥሩ። ሶላቱን፣ አማናውን፣ ከእናቱ ጋር ያለውን ጠባይ ጠይቁ። ትዳርን የሚያፈርሰው ዙሐል ሳይሆን ውሸትና ሐቅ መንፈግ ነው። ወጣቶችም ብትሆኑ ውሳኔ ሲከብዳችሁ የሚያውቁ ሰዎችን አማክሩ፤ ሁለት ረከዓ ሰግዳችሁ ኢስቲኻራ አድርጉ። ከዚያም በአላህ ተመክታችሁ መንገዳችሁን ጀምሩ፤ ረቡዕም ቢሆን።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።