ሐይቁን አይቶ ሰዉን ሳያዩ መመለስ

የዕረፍት ቀን በተቃረበ ቁጥር ከተማሪዎችና ከወጣት የመንግሥት ሠራተኞች ዘንድ የሚሰማው ጥያቄ «ለሽርሽር ወዴት እንሂድ?» የሚል ነው። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ መልሱ ብዙውን ጊዜ «ወንጪ» ሆኗል። ምርጫው መልካም ነው። እኔ ግን ዛሬ አንባቢዬን የምጠይቀው ወዴት እንደሚሄድ ሳይሆን እንዴት ሆኖ እንደሚሄድ ነው።

ወንጪ በአምቦና በወሊሶ መካከል፣ ከአዲስ አበባ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኝ፣ በጥንት ዘመን እሳተ ገሞራ የነበረ ተራራ ነው። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,300 ሜትር ይበልጣል። እሳቱ ከጠፋ በኋላ በቀረው ጐድጓዳ ሥፍራ ውኃ ተጠራቅሞ ሐይቅ ሆነ። ከአፋፉ ቆሞ ቁልቁል ለሚመለከት ሰው ሰማያዊው ውኃ፣ የቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ያለበት ደሴት፣ በየዳገቱ ያለው እንሰትና የገብስ ማሳ ባንድነት ይታዩታል። ብርዱም ያለ ጋቢ የሚቻል አይደለም።

እኔና ሦስት ጓደኞቼ መጀመሪያ የሄድን ጊዜ ምሳችንን ከአዲስ አበባ ቋጥረን፣ መጠጣችንንም በፕላስቲክ ጠርሙስ ጭነን ነበር። ከአፋፉ ስንደርስ አንድ ሽማግሌ ፈረሳቸውን እየሳቡ መጥተው የኪራዩን ዋጋ ነገሩን። ከመካከላችን አንዱ፣ በመሥሪያ ቤቱ ስለ ገጠር ልማት ሪፖርት የሚጽፍ ሰው ነው፤ «አባባ፣ ይቀንሱልን እንጂ» እያለ ሩብ ሰዓት ያህል ተከራከረ። የተከራከረበት ገንዘብ ከተማ ውስጥ ለሁለት ማኪያቶ የሚከፈል ነበር። በመጨረሻ ሽማግሌው ፈገግ ብለው፣ «ልጄ፣ መውረዱስ ላንተም ይቀልሃል፤ ተሸክሞህ የሚወጣው ግን ፈረሱ ነው» አሉት። ሁላችንም ሳቅን፤ ሳቃችን ግን ሐፍረት ነበረበት። ሽማግሌው በእኛ ቋንቋ ሲያነጋግሩን፣ ከእኛ መካከል በኦሮምኛ «አከም ጂርቱ» ብሎ ሰላምታ ለመስጠት እንኳ ያሰበ አልነበረም።

ያን ቀን ፎቶግራፍ አነሣን፣ የቋጠርነውን በላን፣ መሽቶብን ተመለስን። ለመንደሩ ትተንለት የመጣነው ነገር ቢኖር ባዶ ጠርሙስ ነው።

«በዋጋ መከራከር የገበያ ወግ ነው፤ የእኛም ደመወዝ ትንሽ ነው» የሚሉኝ አይጠፉም። የደመወዙ ማነስ እውነት ነው። ነገር ግን ለቤንዚኑና ለመጠጡ ሳንከራከር የከፈልን ሰዎች፣ ቁጠባ ትዝ የሚለን ከገበሬው ፊት ስንቆም ብቻ ከሆነ፣ ነገሩ ቁጠባ ሳይሆን ንቀት ነው።

ጉዳዩ የጨዋነት ብቻም አይደለም። የወንጪ ገበሬ የሚያርሰው ቁልቁለት መሬት ነው። ከእንግዳ በፈረሱ፣ በጀልባው፣ በማሩና በምግቡ ገቢ የሚያገኝ ከሆነ፣ ዛፉን ሳይቆርጥ ለመተው ምክንያት ይኖረዋል። ካላገኘ ግን ዳገቱን እስከ አፋፉ ከማረስ በቀር ምን ምርጫ አለው? በዝናም የሚታጠበውም አፈር መውረጃው ወደ ሐይቁ ነው።

ሐይቅ አይጠፋም የሚል ሰው ካለ ሐረማያን ያስታውስ። የሐረማያ ውኃ ለከተማና ለመስኖ ያለ ልክ ሲሳብ፣ ከየኮረብታው የታጠበ ደለልም ሲሞላው ኖሮ፣ በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ሐይቁ ደረቀ። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል፤ ሐረማያ ግን እያሳሳቀ ራሱ ሄደ። ከዓመታት በኋላ ውኃው ተመልሶ መታየቱ ቢያስደስትም፣ ሁሉም ሐይቅ እንዲህ ያለ ዕድል ይገጥመዋል ብሎ መተማመን አይቻልም።

ወንጪ በ2012 ዓ.ም. መጨረሻ በይፋ በተነገረው «ገበታ ለሀገር» ከጎርጎራና ከኮይሻ ጋር ታቅፏል። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ አድርጎ መርጦታል። አንባቢ ሆይ፣ «መንደር» የሚለውን ቃል ልብ በል። የተመረጠው ውኃው ብቻ ሳይሆን በውኃው ዙሪያ የሚኖረው ሰው ጭምር ነው። ዛሬ መንገዱ ቀንቷል፣ ማረፊያውም ተሠርቷል። ይህ የሚያስመሰግን ሥራ ነው። ሆኖም መንገድ ሲቀና ፈረሱና ባለፈረሱ እንዳይረሱ እሠጋለሁ።

ስለዚህ ወደ ወንጪ የምትሄድ ወንድሜ፣ የምትሄጂም እኅቴ፣ ምሳችሁን ከመንደሩ ብሉ። የተባለውን ዋጋ በቅንነት ክፈሉ። ይዛችሁ የሄዳችሁትን ጠርሙስ ይዛችሁ ተመለሱ። ከሁሉ አስቀድሞ ደግሞ ባለአገሩን በቋንቋው እጅ ንሡ።

እኔ ሁለተኛ ጊዜ የሄድሁት ብቻዬን ነበር። ለፈረሱ የተጠየቅሁትን ከፈልሁ፤ ስንመለስ ግን ከዳገቱ አጋማሽ ላይ ወርጄ፣ ከባለፈረሱ ጋር እየተጨዋወትሁ በእግሬ ወጣሁ። ትንፋሽ አጥሮኝ ከአፋፉ ስደርስ ዞር ብዬ ሐይቁን አየሁት፤ ከመጀመሪያው ጊዜ ይልቅ አምሮ ታየኝ።